የልጄን ወተት ስቀምስ

ስለ ወተት በተወራ ቁጥር ፊቴ ይቀላል። ደግነቱ የጎሚስታ ፊት ነው፤ ከጥላሸቱ ሥር መቅላቱን የምታውቀው ሚስቴ ትርሲት ብቻ ናት። እሷም ብትሆን ምክንያቱን እስከ ዛሬ አታውቅም። ስለዚህ ይህን ያነበበ ሰው ወልድያ ሲመጣ ጎማውን በነፃ እነፋለታለሁ፤ ትርሲት ፊት ግን አፉን እንዲይዝልኝ አደራ።

ሥራዬ የተነፈሰ ጎማ ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋ የሚወጣበትን ቀዳዳ መፈለግ ነው። ይህ ሥራ ሰውን ተጠራጣሪ ያደርጋል። ምንም ነገር ስታዩ «ይሄ ደግሞ የቱ ጋ ይሆን የሚያፈሰው?» ማለት ይለምድባችኋል። ልጃችን ቤዛ ጡት ጥላ ወተት ስትጀምር ጥርጣሬዬ ሁሉ ከጎማ ወደ ወተት ዞረ። ሱቅ እገባና የዱቄት ወተት ጣሳዎቹን አንድ በአንድ አስወርዳለሁ። «ከስድስት ወር በላይ» የሚለውንና «ከአንድ ዓመት በላይ» የሚለውን ጎን ለጎን አስቀምጬ እንደ ዳኛ አከራክራለሁ። ቀኑ ያለፈበት እንዳይሆን የጣሳውን ቂጥ እገለብጣለሁ። አንድ ቀን ጣሳው ላይ ያለው ጽሑፍ አላስነብብ ቢለኝ፣ የሰፈራችንን የእንግሊዝኛ አስተማሪ ከምሳው አስነስቼ ሱቅ ድረስ አስመጥቻለሁ። በመጨረሻ ባለሱቁ ገና ከሩቅ ሲያየኝ «ወተት አልቋል!» ይለኝ ጀመር፤ ጣሳዎቹ ከጀርባው እስከ ጣሪያ ተደርድረው።

ቤት ለቤት ወተት ለምታዞረው ሴትዮ ደግሞ የጥፍር ምርመራ ነበረኝ። አንድ ጠብታ አውራ ጣቴ ጥፍር ላይ አደርጋለሁ። ጠብታዋ ቀጥ ብላ ከቆመች ወተት ነው፤ ከተንሸራተተች ውሃ ገብቶበታል። አንድ ቀን ተንሸራተተች። እኔም ጎረቤቱ ሁሉ እየሰማ «እመቤት፣ ይሄ ወተት ነው ወይስ ወንዝ?» አልኳት። ሴትዮዋ ጀሪካኗን አንስታ ሄደች፤ ዳግመኛም ደጃችንን አልረገጠች። በኋላ ልብ ብዬ ሳየው ጥፍሬ ላይ የሞተር ዘይት ነበረበት። እንኳን ወተት ዝንብም አያቆምም ነበር። ትርሲት ሁለት ሳምንት ኮረፈችኝ።

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ትርሲት አራስ እህቷን ልትጠይቅ ደሴ ሄደች። ቤዛን አስሏት ስለነበር መንገዱ እንዳይብስባት ከእኔ ጋ ተወቻት። «ሦስት ቀን ናት፤ ወተቷን አፍላ፣ አቀዝቅዝ፣ እንዳያቃጥላት መጀመሪያ ራስህ ቅመሰው» ብላኝ ነው የሄደችው። ይህችን «ራስህ ቅመሰው» የምትለዋን ትእዛዝ ያዙልኝ። በኋላ ለሠራሁት ሁሉ ብቸኛ ምስክሬ እሷ ነች።

በሦስተኛው ቀን ጦርነት መጥቶ የደሴ መንገድ ተዘጋ። በማግሥቱ ስልኩ ጠፋ፤ መብራቱም ተከተለው። የከባድ መሣሪያው ድምፅ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየቀረበ መጣ። ባለሱቁም እውነትም ወተት አልቆበት በሩን በሳንቃ ቸንክሮ ከከተማው ወጣ። የቀረችኝን አንድ ጣሳ እየቆጠብኩ ሰነበትኩ፤ በመጨረሻ ባዶዋን በሞቀ ውሃ አለቅልቄ እጣቢዋን ለቤዛ ሰጠኋት። ቤዛ ጠጥታ ቀና ብላ አየችኝ። የዓመት ከመንፈቅ ልጅ እንደዚያ ሰው አየች ብላችሁ አታምኑኝም። በዚያው ቀን ልብሷን በፌስታል አድርጌ ወጣሁ።

የት ትሄዳለህ ካላችሁኝ፣ ከደንበኞቼ አንዱ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። እሱ «ክፉ ቀን ከመጣ እናቴ ጋ ሂድ። ከመርሳ ወደ ግራና ከተማ በሚወስደው መንገድ ዘሀራ የት ናት ብለህ ጠይቅ፤ የማያውቃት የለም» ብሎኝ ነበር። ግማሹን መንገድ በሰው ጋሪ ላይ ተጭኜ፣ ግማሹን በእግሬ ሄድኩ። ቤዛን በእናቷ አንቀልባ አዝዬ ከላይ ኮቴን ደረብኩባት። እኛ ሰፈር ወንድ ልጅ አዝሎ ሲሄድ አይታይም፤ በጦርነት መሐል እንኳ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ጎባጣ መስዬ መሄድን መረጥኩ። መርሳ መግቢያ ላይ አንዲት ተፈናቃይ ሴት ጠጋ ብላ «ወንድሜ፣ ጉብታህ እያለቀሰ ነው» አለችኝ።

እትዬ ዘሀራ ደጃቸው ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ቀጠን ያሉ፣ ስልሳን የተሻገሩ፣ ነጭ ሻሽ ያሰሩ ሴት ናቸው። «የወልድያው ጎሚስታ ነኝ፣ ልጅዎ ነው የላከኝ» ብዬ ሳልጨርስ ቤዛን ከጀርባዬ ፈትተው ወሰዷት።

«ግባ አቦ! ልጄ የላከው ልጄ ነው። አብሽር፣ ለሁላችንም አላህ አለ። ይቺ ማሬ ምን ትጠጣለች?»

«ወተት» አልኩ። እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ጠባይ አይለቅ ሆኖ ግን «ለመሆኑ ምን ዓይነት ወተት ነው ያለዎት?» ብዬ ጨመርኩበት። ነፍሱን ይዞ ሰው ቤት የገባ ሰው እንዲህ ብሎ ይጠይቃል?

እትዬ ዘሀራ እንደ ቁም ነገር ወሰዱት። «ላሟ ነጥፋለች። ፍየሏ ሻሼ ግን ጧት አንድ ኩባያ፣ ማታ አንድ ኩባያ አታሳጣንም።»

ፍየል! እኔ እስከዚያ ቀን ፍየልን የማውቃት በሥጋዋ ነው። ዕድሜዋን ጠየቅኩ፣ ምን እንደምትበላ ጠየቅኩ፣ ታማ ታውቅ እንደሆነ ጠየቅኩ። ከዚያ ሻሼን ዞርኳት፤ በግራ አየኋት፣ በቀኝ አየኋት። «ከአንድ ዓመት በላይ» የሚል የትም አልተጻፈባትም። እሷም ቅጠሏን እያመነዠከች እኔን ስትመረምር ቆየች።

«ልጄ» አሉ እትዬ ዘሀራ፣ «ሽማግሌ ልትልክባት ነው እንዴ?»

ወተቱን አልበው ሲያመጡ ጠብ አድርገው መዳፋቸው ላይ ቀመሱ። ደንቡ ነው፤ ሰጪ ሳይቀምስ አይሰጥም። ከዚያ «አንተስ ምን ልስጥህ? ፍልሰታ አይደለም እንዴ አሁን?» አሉኝ።

«አዎ እትዬ፣ ጾመኛ ነኝ» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። ጾመኛም ነበርኩ። ሌላውን ጾም አንዳንዴ ባጓድልም የእመቤታችንን ፍልሰታ ነካክቼ አላውቅም። እትዬ ዘሀራ ለእኔ ሲሉ ቅቤ ነክቶት የማያውቅ አዲስ ድስት ከቆጥ አወረዱ። ማንኪያዬን በአመድ ፈትገው ለብቻዋ ምስማር ላይ ሰቀሏት። ማታ ማታ ለወሬ ብቅ ለሚሉት ጎረቤታቸው ለሸህ ይማምም «የኔ ክርስቲያን ጾመኛ ነው፤ እሱ ባለበት የወተት ዕቃና የሽሮ ዕቃ እንዳይገናኝ» ብለው አስታወቁ። እስላሟ ሴትዮ ጾሜን እንደ ዓይናቸው ብሌን መጠበቅ ጀመሩ።

እኔስ? እኔ በዚያው ምሽት የትርሲትን ትእዛዝ ልፈጽም ተቀመጥኩ። ወተቱን አፈላሁት፤ አቀዘቀዝኩት፤ ከዚያ ቀመስኩት። የመጀመሪያው ጉንጭ ማቃጠሉን ለማየት ነበር፤ አላቃጠለም። ሁለተኛው መጣፈጡን ለማየት ነበር፤ ጣፈጠ። ሦስተኛውን ለምን እንደጠጣሁት አላውቅም። ራብ ነው እንዳልል እትዬ ዘሀራ ሽሮና ንፍሮ ጠግቤ እስክተው ያበሉኝ ነበር። ፍርሃት ይመስለኛል። ያ ወተት ጉሮሮዬን አልፎ ሲወርድ ተኩሱም፣ የትርሲት ነገርም፣ ሱቄም ለአንድ አፍታ ዝም አሉልኝ። ዓይኔን ስገልጥ ኩባያው ጎድሏል።

በማግሥቱ ነገሩን ሥርዓት አስያዝኩት። ሦስት ቅምሻ ሆነ፤ ሲፈላ አንድ፣ ሲበርድ አንድ፣ ልጅቷ አፍ ላይ ሊደርስ ሲል አንድ። ቤዛም ፊቴ ቁጭ ብላ አፌንና ኩባያውን እያፈራረቀች ታያለች። ከዚያ ስልባቦት የሚባለው መጣ። «ስልባቦት ሕፃን ያንቃል» አልኩ ለእትዬ ዘሀራ፣ ጤና ጣቢያ ሠርቼ የመጣሁ ይመስል። «እኔ እገፍፍላታለሁ» አልኩ። ገፈፍኩላት። የተገፈፈው የት እንደሚገባ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

በአራተኛው ቀን ኩባያው በጣም ስለጎደለ እትዬ ዘሀራ እንዳያዩብኝ ከእንስራው ውሃ ጨለፍኩና ሞላሁት። አዎ፣ እኔ ነኝ። ያችን ድሃ ሴትዮ በጎረቤት ፊት ያዋረድኳት ሰውዬ በገዛ እጄ የገዛ ልጄ ወተት ውስጥ ውሃ ጨመርኩ። ይህን ስጽፍ ብዕሩ ከእጄ ይወድቃል።

ሌባ መቼም አንድ ነገር ይረሳል፤ እኔ የረሳሁት ጢሜን ነው። አንድ ማታ ሸህ ይማም መቁጠሪያቸውን ገታ አድርገው «ጎሚስታው፣ ከንፈርህ ላይ ያለው ነጭ ነገር ምንድነው?» አሉኝ።

«ሱፍ ነው ሸህ» አልኩ። የሱፍ ውሃ ነጭ ነው፣ የጾም ነው፤ ምላሴ በደረሰበት ሁሉ ውሸት ሠራ። ሱፍ የሚባል ነገር ግን በዚያ ቤት አልነበረም። እትዬ ዘሀራ ከጓዳ ሰምተው «ውይ! ሱፍ ያምረው ኖሯል የኔ ጾመኛ!» አሉ፤ ነጩ ከየት እንደመጣ አልጠየቁም። በማግሥቱ ከጎረቤት ሱፍ ተበድረው ቆልተው፣ ወቅጠው፣ አጥልለው ሱፍ ፍትፍት አቀረቡልኝ። ሙቀጫውን ሲደበድቡ ጀርባቸው ላይ ላብ አየሁ። በላሁት። አሁን ሳስበው ያልበላሁት ነገር ምን ቀረ?

ቤዛ በዚህ መሐል መነጫነጭ ጀመረች። ጠጥታ ታለቅሳለች፤ አልቅሳ ኩባያውን ትልሳለች። ክንዷ ቀጠነ። እትዬ ዘሀራ ተጨነቁ። መጀመሪያ የጠረጠሩት የሻሼን ግልገል ነው። «ይሄ ሌባ ከእናቱ እየሰረቀ ነው» ብለው ለብቻው አሰሩት፤ ግልገሉ ያለ ጥፋቱ ቀኑን ሙሉ እየጮኸ ይውላል። እኔም «አዎ፣ ዓይኑም የሌባ ነው» ብያለሁ። ቀጥለው ዓይን በልቷት ይሆናል አሉ፤ ሸህ ይማም መዳፋቸውን ዘርግተው ረዥም ዱአ አደረጉላት። እኔም ኮፍያዬን አውልቄ አሜን አልኩ፤ ከሁሉም ጮክ ብዬ።

በአሥረኛው ቀን ጧት እትዬ ዘሀራ ቅላቸውን አንጠልጥለው በር ላይ ቆሙ። «እህቴ ከአስፋልቱ ማዶ የምትታለብ ላም አላት። ይቺ ልጅ በእጃችን ላይ አትክሳም፤ ሄጄ አመጣለሁ» አሉ።

በዚያ ሳምንት አስፋልቱን መሻገር ቀልድ አልነበረም። የሚተኩሰው ማንንም አይለይም፤ ባለፈው የሄደ አንድ ገበሬ አህያው ብቻዋን ነው የተመለሰችው። ሸህ ይማም «ተይ ዘሀራ» ብለው ለመኗቸው። እኔ ደግሞ የሚያስቀራቸው ነገር በእጄ ነበር። «አይሂዱ እትዬ፣ የሚጠጣው እኔ ነኝ» ብል ያበቃል። የበሩን መቃን ይዤ ቆምኩ። ቆምኩና «መልካም መንገድ ይሁንልዎ» አልኩ።

ያን ቀን እንዴት እንደዋልኩ አልነግራችሁም። ረፋድ ላይ በአስፋልቱ በኩል ተኩስ ተሰማ፤ ቆመ፤ እንደገና ተሰማ። እመቤቴን ልለምናት ጀመርኩና አቋረጥኩት፤ በራሷ ጾም ወተት ስጠጣ የሰነበትኩ ሰው በየትኛው አፌ ልጥራት? ሴትዮዋ ከሞቱ የገደልኳቸው እኔ ነኝ። እንዲህ እያልኩ እንኳ፣ የእናንተን ነገር አላውቅም፣ የጧቱን ወተት ቀምሻለሁ።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ፣ እኔና ሸህ ይማም ቤት ቁጭ ብለን ስንጠብቅ፣ እትዬ ዘሀራ መጡ። አንድ እግራቸው ባዶ ነው፤ ቀሚሳቸው እስከ ወገቡ ጭቃ ነው። ቅሉን ግን እንደ ሕፃን ደረታቸው ላይ አቅፈውታል።

«አልሃምዱሊላህ! ቦይ ውስጥ ተኝቼ አሳለፍኩት» አሉ እየሳቁ። «ግማሹ ፈሰሰ እንጂ እኔስ ደህና ነኝ። ነይ ማሬ፣ ነይ፣ ዛሬ ትጠግቢያለሽ።»

እህታቸው አፍልታ ነው የሰጠቻቸው፤ ስለዚህ ለእኔ ምርመራ ሳይተርፍ በቀጥታ ኩባያውን ሞልተው ለቤዛ ሰጧት። ቤዛ በሁለት እጇ ያዘችው። ጧት ከቀረላት ሌላ ምንም አልቀመሰችም፤ ከንፈሯ ብቻውን ይጠባል። ግን አልጠጣችም። ኩባያውን እንደያዘች፣ እንዳይፈስባት ጥንቅቅ እያለች፣ ደገፍ ደገፍ እያለች ወደ እኔ መጣች። አንገቷን ቀና አድርጋ ኩባያውን ወደ አፌ አነሳችው።

«አባ፣ ቅም» አለችኝ።

ቅመስ ማለቷ ነው፤ ለእሷ ደንቡ ይህ ነው። ወተት መጀመሪያ ለአባት ነው፤ የሚተርፈው ለእሷ ነው። ከእኔ ነው የተማረችው።

«አባ፣ ቅም!» አለች ደግማ።

የሸህ ይማም መቁጠሪያ ቆመ። እትዬ ዘሀራ ኩባያውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ደጅ የታሰረውን ግልገል አዩ። «ጾም ነኝ ልጄ» ልላት ፈልጌ ነበር፤ ከዚያ ይልቅ ጢሜን በእጄ ጠረግኩ። እትዬ ዘሀራ በዚያ በባዶ እግራቸው ቀስ ብለው መጡና ልጅቷን አንስተው ጭናቸው ላይ አስቀመጧት፤ ኩባያውንም በእጃቸው ደግፈው እስከ መጨረሻው አጠጧት።

«ይቺ ልጅ አባቷን ትወዳለች፣ ሸህ ይማም» አሉ።

«በጣም ትወደዋለች» አሉ ሸህ ይማም፤ መቁጠሪያቸውም ቀጠለ። ሁለቱም ወደ እኔ አላዩም። ቢሰድቡኝ፣ ቢያባርሩኝ፣ ቢተፉብኝ እመርጥ ነበር።

በማግሥቱ ግልገሉ ተፈታ። እትዬ ዘሀራ ለብቻዬ ጠርተውኝ «ከዛሬ ጀምሮ እኔው አጠጣታለሁ። አንተ ጾምህን ጹም» አሉኝ፤ ሌላ ነገር አልጨመሩም። በዚያችው ፍየል፣ በዚያችው ኩባያ ቤዛ እየጠገበች ማደር ጀመረች። ማንም አስፋልት አልተሻገረም። እኔ ጋሪያቸውን ጠገንኩ፣ ጣሪያቸውን ጠጋገንኩ፣ አጥራቸውን አጠርኩ፤ ቀና ብዬ ግን ፊታቸውን ማየት አልቻልኩም። የቀሩትን ቀናት በሕይወቴ እንደዚያ ጾሜ በማላውቀው አጿጿም ጾምኩ።

የፍልሰታን ፍቺ የቆጠሩልኝ እሳቸው ናቸው። ጧት አጥሩ ሥር ሆኜ ሥራ ያለኝ ስመስል ኩባያ ይዘው መጡ። እስከ አፉ ሞልቷል፤ ስልባቦቱ ከላዩ ተኝቷል።

«እንኳን አደረሰህ። እንካ፣ ጾምህን ፍታ።»

«ለቤዛ ይስጧት፣ እትዬ» አልኩ መሬት መሬቱን እያየሁ።

«እሷ ጠግባ ተኝታለች። ይሄ ያንተ ነው።» ኩባያውን እጄ ላይ አስቀመጡት። «እንዲህ እንዳማረህ መቼ ነገርከኝ፣ ልጄ?»

በሁለት እጄ ይዤ እያለቀስኩ ጠጣሁት፤ እሳቸውም እስክጨርስ ከፊቴ ቆመው ጠበቁኝ።